አውራ ዶሮው ዝም ሲል

ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

ጽሑፉን ይዛችሁ የምትከታተሉ ጣታችሁን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉ። አብረን እንሂድ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ያደግሁት በመካነ ሰላም አካባቢ፣ በቦረና ደጋ ነው። ቤታችን ሰዓት አልነበረም። እናቴ የምትነሣው በዶሮ ጩኸት ነበር።

አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ ነበራት። ኃይለኛ ነው፤ ልጅ ያባርራል። አንድ ሌሊት ሳይጮኽ ነጋ። ጠዋት ከቆጡ ወርዶ፣ ላባውን አንጨፍርሮ ጥግ ይዞ ቆመ። ጥሬ ቢበተንለት ዞር ብሎም አላየ።

አንዱ ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» አለ። ሌላው «ሳይሞት ይሸጥ» አለ። እናቴ ገበያ ላከችኝ፤ ሸጥኩት። ሳምንት ሳይሞላ የእኛ ዶሮዎች አለቁ። ዶሮውን የገዛችን ሴትም «ቤቴን ባዶ አደረጋችሁት» እያለች መጣች። ምን እንመልስ? አንገታችንን ደፋን። ኋላ ስማር ገባኝ፤ በሽታው ፈንግል ነበር። በገበያ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ የአውራ ዶሮ ጠባይ በተለወጠ ቁጥር በሽታ ነው ማለት ነው? አይደለም። እስቲ እንለያቸው።

ቄብ አውራ ዶሮ 5 ወይም 6 ወር ሲሆነው በድንገት ተደባዳቢ ይሆናል። ይህ የመጎርመስ ጠባይ ነው። ላባ በሚለውጥበት ጊዜ ደግሞ ዝም ይላል፤ ጩኸት ይቀንሳል። ሌሊት ጭልፊት ሳይሆን ሸለምጥማጥ ቆጡን ጎብኝቶ ከሆነ፣ ዶሮው ማታ መግባት እምቢ ይላል። ቅንቅን ከበላውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በባትሪ ብርሃን ቆጡን እዩ። ቀዳዳውን ድፈኑ፤ ቆጡን አጽዱ።

ያለ ሰዓቱ ቢጮኽስ? «መጥፎ ምልክት ነው» ብላችሁ ለማረድ አትቸኩሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። አውራ ዶሮ የንጋቱን ሰዓት የሚያውቀው በገዛ አካሉ ነው። ነገር ግን ብርሃን ሲያይ ወይም ሌላ ዶሮ ሲጮኽ ሲሰማ በማንኛውም ሰዓት ይጮኻል። ምሥጢሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ፈንግል እንመለስ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ዶሮው ይተክዛል፤ መብል ይተዋል። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጠዋል። ክንፉን ይጥላል። አንዳንዱ አንገቱ ይጣመማል፤ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ሰው «ለከፈው» ይላል። የለከፈው ግን በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ምንም ምልክት ሳያሳይ በድንገት የሚሞትም አለ።

ፈንግል መድኃኒት የለውም። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የሚያጠጡ አሉ። ለሰው የታዘዘ እንክብል ፈትተው የሚሰጡም አሉ። ቫይረሱን አይገድለውም። የሚበጀው አስቀድሞ መከላከል ነው። በቢሾፍቱ ከተማ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም አለ፤ የፈንግል ክትባትም ያመርታል። በዓይን የሚንጠባጠበው ክትባት ለአንድ ዶሮ አንድ ጠብታ ነው። በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ይደገማል። የታመመውን ግን አያድንም። ደግሞም አንድ ቤት ብቻውን ቢያስከትብ አይበቃም፤ ዶሮ አጥር አያውቅምና። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን አማክሮ በአንድ ቀን ማስከተብ ይሻላል።

ስለዚህ ዶሮአችሁ በድንገት ጠባዩ ሲለወጥ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ከሌሎቹ ለዩት። መብሉና ውሃው ለብቻ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ሦስተኛ፣ የሞተውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ ለውሻ አትጣሉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በሽታው የሰውን ዓይን ሊያቀላ ይችላልና።

አራተኛ፣ ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮ ለ15 ቀን ያህል ለብቻው ይቆይ። በሽታው ውስጥ ውስጡን ቆይቶ ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የታመመ ዶሮ አትሽጡ። ዓውደ ዓመት ሲቃረብ ዋጋው ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ዶሮ የሚገባው እንደ እናንተ ባለች እናት ቤት ነው። የልጆቿ ደብተር የሚገዛው ከእንቁላል ሽያጭ ነው።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፉ፤

የታመመ ዶሮ ገበያ አይወጣም።

ጻፋችሁ? እንግዲያው ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። እኔ ያን ጊዜ ያነበበልኝ አልነበረም።

ደኅና ሁኑ!