ከሮቦት ጋር በሚካሄድ ብየዳ የሠራተኛው ደኅንነት



የደቡብ ጎንደር ምድር ለብረታ ብረት ሥራ እንግዳ አይደለም። ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ያንን መድፍ ወደ መቅደላ የጎተተው የሰው ጉልበት ነበር። ዛሬ በመካነ ኢየሱስና በመሰል ከተሞች ቱቦላሬና ላሜራ እየቆረጠ በርና መስኮት የሚሠራው በያጅም መሣሪያው ኤሌክትሪክ ይሁን እንጂ ዐይኑንና ሳንባውን ለእሳቱ አቅርቦ ይሠራል።

በሌላው ዓለም ይህን ሥራ ከሰው ጋር የሚካፈል፣ ኮቦት ወይም ተባባሪ ሮቦት የሚባል መሣሪያ ከመጣ ቆይቷል። ሊመረመር የሚገባው ጥያቄም መሣሪያው የትኛውን አደጋ ያስወግዳል፣ የትኛውንስ ይተዋል የሚለው ነው።

የቀድሞዎቹ የፋብሪካ ሮቦቶች ሰው አጠገባቸው መኖሩን አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ በፎርድ ፋብሪካ፣ ሮበርት ዊልያምስ የተባለ ሠራተኛ በሮቦት ክንድ ተመቶ ሞተ። በ1981ም በጃፓን በካዋሳኪ ፋብሪካ ኬንጂ ኡራዳ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰበት። ከዚህም የተነሣ ሮቦትንና ሰውን በአጥር መለየት የተለመደ ደንብ ሆኖ ቆየ። ኮቦት ግን ክንዱ ሰውን ሲነካ ኃይሉን ለክቶ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከቀደምቶቹ አንዱ ለገበያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 በዴንማርክ ነበር። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ክንዱ የሰውን አካል ሲነካ ሊያሳርፍ የሚችለውን የኃይልና የግፊት ወሰን በየአካል ክፍሉ ዘርዝሯል።

ይሁን እንጂ ይህ ወሰን የሚመለከተው የክንዱን ግፊት ነው። በክንዱ ጫፍ ያለው የብየዳ ችቦ በብዙ ሺህ ዲግሪ የሚነድ እሳት፣ የሾለ ሽቦ፣ ብርቱ ብርሃንና ጭስ ይዟል። ክንዱ በቀስታ ቢነካም ችቦው ያቃጥላል፤ ክንዱ ቢቆምም ጨረሩ ዐይን ከመጉዳት አይመለስም። ስለዚህ «ተባባሪ» የሚለው ስም ለክንዱ እንጂ ለብየዳው አይሆንም።

ትክክለኛው አሠራር ሁለቱን ጊዜያት መለየት ነው። ሠራተኛው ክንዱን በእጁ እየመራ መንገዱን ሲያስተምረው እሳቱ መጥፋት አለበት። እሳቱ ሲለኮስ ደግሞ ሠራተኛው ከመጋረጃ ጀርባ መቆም፣ ጭሱ ከምንጩ መሳብ፣ ሰው ወደ ሥራው ክልል ሲገባም ክንዱና እሳቱ በአንድነት መቋረጥ ይኖርባቸዋል። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ የምድር ሽቦውም ወደሚበየደው ብረት በቅርብ ይታሰር።

የጭሱ ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተራ መድቦታል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ጭስም ማታውን ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ብዙ በያጆች ለዚህ መድኃኒቱ ወተት ነው ብለው ያምናሉ፤ ነገር ግን ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ እንጂ ወደ ጨጓራ ስላልሆነ ወተቱ አያድንም። የሚያድነው ነፋሻ ቦታ፣ የጭስ መሳቢያና ተስማሚ የመተንፈሻ ጭምብል ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኛው ጤናማና ከአደጋ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። ችግሩ በአነስተኛ የብየዳ ቤት አሠሪውም በያጁም አንድ ሰው መሆኑ፣ ከጎኑም ዐይኑን በእጁ ብቻ ጋርዶ ብረት የሚይዝ ተለማማጅ መኖሩ ነው። የዚያ ልጅ ዐይን ሌሊት አሸዋ እንደ ገባበት ሲቆረቁረው የሚከራከርለት ሰው የለም።

ኮቦት የሚገዛ ድርጅት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማን የት እንደሚቆም፣ ብርሃኑ ማንን እንደሚነካና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ግዴታው ነው። ይህ ምርመራ ግን ሮቦት እስኪመጣ የሚጠበቅ አይደለም። በመንገድ ዳር በሚሠራ ብየዳ ፊት መጋረጃ መዘርጋትና ለተለማማጁ ሁለተኛ ማስክ መግዛት ከአንዲት አነስተኛ ብየዳ ቤት አቅም በላይ አይሆንም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የማኅበሩ አባላት በየሚሠሩበት ቦታ ይህን ቢጀምሩ ነገ የሚመጣው መሣሪያ የተዘጋጀ ሠራተኛ ያገኛል።