ከቮልትና ከአምፔር ተነሥቶ ኦምንና ዋትን ስለ ማስላት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ለዛሬው ስብሰባ የመረጥነው ርእስ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ቁጥሮች ሌሎች ሁለት ቁጥሮችን ማውጣት ነው። ነገር ግን በእነዚህ አራት ቁጥሮች ውስጥ የእናቶቻችን ምጣድና የቤታችን ደኅንነት አለ። ለፈተና ያጠናነውን ወደ አገር ቤት ካልወሰድነው ትምህርታችን ከደብተር አያልፍም።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘውን የዓባይን ሰባራ ድልድይ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ድልድዩ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ለገበያ የቸኮለው ሕዝብ ከዳር ሆኖ የሚገፋበትን ግፊት ቮልት እንበለው፤ በሰዓት የሚሻገረውን የሰው ብዛት አምፔር፤ የመሻገሪያውን ጥበት ደግሞ ኦም እንበለው። ግፊቱ ሳይለወጥ መሻገሪያው ቢሰፋ ብዙ ያልፋል፤ ቢጠብ ጥቂት ያልፋል። ይህን የኤሌክትሪክ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1827 በመጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው ጊዮርግ ሲሞን ኦም፥ በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ስሌቱ እነሆ፦

ቮልት ሲካፈል ለአምፔር፥ ኦም ይሰጣል።
ቮልት ሲባዛ በአምፔር፥ ዋት ይሰጣል።

አሁን ወደ ቢቸና እንሂድ። በአንድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሰክቶ መለኪያው 220 ቮልትና 16 አምፔር አሳየ እንበል። 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም ነው። 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። ይህ አንድ ምጣድ ባለ 9 ዋት አምፖል 391 ያህል የሚያበራ ኃይል ይወስዳል ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ቢግል ቆጣሪው 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል።

ምሽት ላይ ሁሉም ሲሰካ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድስ? የምጣዱ ኦም ያው 13.75 ነው ብለን እናስላ። 180 ለ13.75 ሲካፈል 13.1 አምፔር ያህል ይሆናል፤ ኃይሉም 2,356 ዋት ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ከቮልቱ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከኃይሉ ግን ከሦስት አንድ እጅ ጎደለ። ምክንያቱም ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳል፤ ኃይል ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። በዚህ ጊዜ እንጀራው ዓይን አላወጣም፥ ሊጡ አልቦካም እየተባለ ጋጋሪዋ ትወቀሳለች። በጤፍ አገር ይህ ቀላል ወቀሳ አይደለም። ስሌቱን የሚያውቅ ግን ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ይመሰክርላታል።

ሌላው ጉዳይ ሽቦው ነው። ማድቤቱ ከቤቱ ጀርባ 30 ሜትር ርቆ፥ መስመሩ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተዘረጋ እንበል። መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር ስለሆነ ሽቦው ራሱ 0.7 ኦም ያህል አለው። ከምጣዱ ጋር 14.45 ኦም ይሆናል፤ 220 ሲካፈልለትም 15.2 አምፔር ያህል ያልፋል። አምፔሩን በራሱ አባዝተን በ0.7 ብናበዛው 162 ዋት ያህል በመንገድ ላይ ሽቦውን ለማሞቅ ይባክናል። ሽቦው 4 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን ኦሙ ወደ 0.26 ይወርዳል።

ከዚህ የከፋው በእጅ ተጠማዝዞ የላላ ቅጥያ ነው። ቅጥያው ግማሽ ኦም ቢኖረው ከ100 ዋት የሚበልጥ ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ይከማቻል። እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። ቫልቮላ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ወፍራም ሽቦ የሚጠመዝዝ ሰውም ጠባቂውን አባሮ ለሌባ በር እንደ ከፈተ ይቆጠራል።

ከፍተኛ ቮልት ተሸክመው አገር የሚያቋርጡ መስመሮችም በዚሁ ስሌት ይገዛሉ። ለምሳሌ ያህል ወደ ሞጣ 1 ሚሊዮን ዋት መላክ ቢያስፈልግ፥ በ220 ቮልት 4,545 አምፔር ይጠይቃል፤ በ33,000 ቮልት ግን 30 አምፔር ያህል ይበቃል። አምፔሩ 150 ጊዜ ስላነሰ፥ በዚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት 22,500 ጊዜ ያንሳል።

የዓባይ ውሃ እ.ኤ.አ. በ1964 በጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ግን ለእናቶቻችን የሚደርሰው በመጨረሻዋ 30 ሜትር ሽቦ ነው። የዚያች ሽቦ ጉዳይ የእኛ ነው።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ በምጣዱ ላይ የተጻፈውን ቮልትና ዋት አንብበን አምፔሩን እናስላ፤ ዋት ለቮልት ሲካፈል አምፔር ይሰጣልና። ሁለተኛ፥ ሽቦውና ቫልቮላው ያን አምፔር ይችሉ እንደሆነ ባለሙያ እንጠይቅ። ሦስተኛ፥ የሚሞቅ ሶኬት ወይም ቅጥያ ካገኘን ራሳችን ሳንነካካ በባለሙያ እናሠራ። ኮረንቲ ላለው ሽቦ ድፍረት ጀግንነት አይደለም።