ቤት የሚሠራበት ወርና ብድር የሚለቀቅበት ወር

(በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ቤት ተናገሪ ብሎኛል። ስለ ቤት መናገር ለእኛ አይከብድም፤ ሦስት ሆነን ቡና ከጠጣን ወሬው ዞሮ ዞሮ ኪራይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ወር ነው። ቤት በየትኛው ወር ይሠራል? የእኛስ የቤት ብድር በየትኛው ወር ይለቀቃል? ሁለቱ አልተገናኙም። እንዲገናኙ ሐሳብ ላቀርብና ድምፅ ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት።

ለእንግዶቻችን ትንሽ ላስረዳ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ብርዷን ዛሬ ጠዋት ቀምሳችኋታል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም! በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ጉሙና ጭቃው አለ። ስለዚህ እዚህ አገር ቤት ማለት ጥላ ብቻ አይደለም።

በጭቃ ቤት ተከራይታ ክረምትን ያሳለፈች ሴት የምለውን ታውቀዋለች። ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ አንዱ ጋ ድስት፣ አንዱ ጋ ባልዲ፣ አንዱ ጋ የልጆቹ መታጠቢያ ሳፋ ይቀመጣል። የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም። ኩበቱ እርጥበት ይዞ ያጨሳል፤ በሩ እንዳይከፈት ብርዱ፣ እንዳይዘጋ ጭሱ። ልጅ ያስላል። የተሰፈረው እህል ግድግዳውን ተጠግቶ ከተቀመጠ ይሻግታል። ይህን ሁሉ የምታየው እሷ ናት፤ ባልዲ የምትደፋውም እሷ ናት። አከራዩን ጣሪያውን ጠግንልኝ ብትለው «ካልተመቸሽ ልቀቂ» ይላታል። በሐምሌ ወዴት ትለቃለች?

ብዙዎቻችን ቤታችን ሥራ ቦታችንም ነው። እንጀራ እንጋግራለን፣ ጠላ እንጠምቃለን፣ አረቄ እናወጣለን፣ በርበሬ አዘጋጅተን እንሸጣለን። ቤት ፍለጋ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ልጅ አለሽ?» ነው፤ ሁለተኛው «ምጣድ አለሽ?» የኤሌክትሪክ ምጣድ ቆጣሪ ያስሮጣል፣ የእንጨቱ ደግሞ ጣሪያ ያጠቁራል ተብሎ በሁለቱም ይከለከላል። ምጣድ የተከለከለባት ሴት ገቢዋ ነው የተከለከለባት። ወንዱ ቤት ሲቀይር ሰፈር ይቀይራል፤ እኛ ቤት ስንቀይር ደንበኛም እንቀይራለን። ይህን ደጋፊዎቻችን ልብ እንዲሉልን እፈልጋለሁ፤ ለንግድ የሰጣችሁን ብድር በአንድ የቤት መልቀቅ ሲጠፋ አይተናልና።

ከተማዋ ደግሞ እየሰፋች ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፋብሪካዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሠሩ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችንም ከእኛ ጋር እየኖሩ ነው። የሚከራይ ሰው በዛ። ኪራይ በተለይ በመስከረም ይጨምራል፤ ትምህርት ሲከፈት ልጅ አስመዝግበሽ መንቀሳቀስ እንደማትችዪ አከራዩ ያውቃልና። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የተባለው ሕግ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። በክልል የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ የቀበሌያችሁን አሠራር ጠይቁ። ያም ሆኖ በቃል ከመከራየት በጽሑፍ መከራየት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ቤት ወር አለው። እህል በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ ይወቃል፤ ያን ጊዜ ጭድ እንደ ልብ ነው። ጭቃ ያለ ጭድ አይያዝም፤ ውኃ እየጠጣ፣ እየተረገጠ፣ ቀናት ቆይቶ መብካት አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይደፍናል፤ ከዚያ ልስኑ ይከተላል። እያንዳንዱ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት። በጥቅምት ብትመርጊ እርጥቡን ግድግዳ ውርጭ ያገኘዋል፣ ይፈረፈራል። በሰኔ ብትመርጊ ጨርሶ አይደርቅም። የድንጋይ መሠረቱም ቢሆን ጉድጓዱ ውኃ ሳይሞላ ነው የሚቆፈረው። እንግዲህ ለእኛ አገር ቤት መሥሪያው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ እሱም በመካከል የበልግ ዝናብ እየቆራረጠው። ግንቦት ለቆርቆሮ መጠገኛ ትቀራለች። (ስለ ቆርቆሮ ካነሳሁ አይቀር፤ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 32 ጌጅ የቀጠነ ነው። ሻጩ «ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ጠንካራ ነው» ብሎ የሸጠላት እህት አለችን፤ በረዶ ሲወርድ ልጆቿ ይጮኻሉ።)

የእኛ ብድርስ መቼ ይለቀቃል? ሒሳብ በሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኦዲት ይደረጋል፤ የደጋፊዎቻችንም ገንዘብ በዚያው ይታሰባል፤ ብድሩ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም እጃችን ይገባል። በመስከረም ቤት አይሠራም። በመስከረም ያለው የደብተር፣ የዩኒፎርም፣ የዘመን መለወጫና የመስቀል ወጪ ነው። ገንዘብ እቤት ተቀምጦ ጥርን አይጠብቅም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጥር ሲመጣ ጭዱ አለ፣ እንጨቱ ደርቋል፣ ሠራተኛውም አለ፤ ገንዘቡ ግን የለም። ከዚያ በሰኔ ዝናቡ ሊገባ ሲል ቆርቆሮ በዱቤ እንወስዳለን። ሴቶቻችን መቆጠብ አያውቁም የሚል ሰው ስሰማ ይከፋኛል። ይቆጥባሉ፤ የቆጠቡት የሚደርሳቸው በማይሆን ወር ነው።

የሒሳብ ሹማችን በጥር መልቀቅ ሒሳቡን ያደበላልቃል የሚል ስጋት አላት፤ ስጋቷ ተገቢ ነው። የንግዱ ብድር ግን ባለበት ይቆይ፤ የመስከረም ገበያም ያስፈልገዋልና። የማወራው ስለ ቤት ብድሩ ብቻ ነው። በመዝገብ ለብቻው ይያዝ፤ በጥር መጀመሪያ ይለቀቅ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ ከመስከረም ይጀምር። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ተጨማሪ ገንዘብ አይደለም፤ ያው ገንዘብ በዓመቱ ማለቂያ ላይ «ለምን አልወጣም» ተብሎ እንዳይመለስ ነው።

ለመሥራት ጥር መልካም ነው፤ ለመግዛት ግን ጥር አታላይ ነው። በበጋ ግድግዳ ሁሉ ደረቅ፣ መንገድ ሁሉ አውላላ ነው። ደላላውም ያን ያውቃል፤ «ዛሬ ካልከፈልሽ ነገ ሌላ ይወስደዋል» የሚለው በጥርና በየካቲት ነው። ቤቱን በሐምሌ ካላያችሁት ጎረቤት ጠይቁ፤ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ግድግዳው ስንት ክንድ ድረስ እንደሚርስ ይነግሯችኋል። ጎረቤት ከደላላ ኮሚሽን አይበላም።

ከከተማው ጠርዝ ያለውን መሬት በሚመለከት ግን ጎረቤት መጠየቅ አይበቃም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው በሦስት ምስክር በወረቀት ጽፎ የሰጣችሁ ቁራሽ መሬት ካርታ አይሆንም። ሌሊቱን የተሠራ የጨረቃ ቤት ቀን ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ካሳ የለውም። ሕጋዊ ቤት ስትገዙም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዛል። ካርታው በማን ስም ነው? ዕዳ ወይም እግድ አለበት? ይህን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ማኅበሩም ያልተረጋገጠ ካርታ ላለው ግዢ አንድ ብር እንዳያበድር ሐሳቤ ውስጥ አስገብቻለሁ። ይህን የሚቃወሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ርካሹ መሬት እሱ ነውና። የሚያበድረው ገንዘብ ግን የሁላችንም ቁጠባ ነው።

ስለ ስም ላንሳና ልጨርስ። አንዲት እህታችን ውኃ ተሸክማ ጭቃውን ያቦካች፣ ቆርቆሮውን በእንጀራ ሽያጭ የገዛች ናት። ካርታው በባሏ ስም ብቻ ወጣ። ባሏ ሲያርፍ ዘመዶቹ መጡ። ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ ያለ ሁለቱ ስምምነትም ቤት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴት ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት አላት ይላል። ግን በሽማግሌ የተጋባች ናት፤ የጋብቻ ወረቀት የላትም፤ የቆርቆሮውንም ደረሰኝ አልያዘችም። ጋብቻውን በምስክር ለማስረዳት ፍርድ ቤት ስትመላለስ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጉዳዩ ገና ነው። ስለዚህ በማኅበሩ ብድር የሚሠራ ቤት ሁሉ ባለትዳር ከሆነች የእሷም ስም በካርታው ይግባ፤ ጋብቻዋም በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ የዕቃ ደረሰኝ ኮፒ በማኅበሩ ፋይል ይቀመጥ። ባሎቻችን ቅር የሚላቸው ካሉ ኮሚቴው ሽማግሌ ይዞ ያነጋግራቸው።

ለድምፅ የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው፤ የቤት ብድሩ በጥር እንዲለቀቅ፣ ካርታ ላልተረጋገጠ ግዢ እንዳይሰጥ፣ የሴቷ ስም በካርታው እንዲገባ። ሦስቱ ለየብቻ ድምፅ ይሰጥባቸዋል፤ አንዱን ደግፋችሁ ሌላውን መቃወም ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ከሒሳብ ሹማችን ጋር ሆነን እንመልሳለን።