ካርቦን ሳይክል ያዋጣል ወይ?

እሱ፦ ካርቦን ሳይክል አማረኝ።

እሷ፦ ስንት ነው?

እሱ፦ የቱር ደ ፍራንስ ጋላቢዎች የሚይዙት ዓይነት ከ10,000 ዶላር ያልፋል፤ በሳዑዲ ሪያል ከ37,500 በላይ።

እሷ፦ አበስኩ ገበርኩ! በዚህ ብር እኮ አገር ቤት ሱቅ ይከፈታል። ለመሆኑ ምን ይሰጥሃል?

እሱ፦ ይቀላላ!

እሷ፦ መቅለልማ ይቀላል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እንኳ ውድድር ላይ ከ6.8 ኪሎ በታች አያሳልፍም። ግን ቅለቱ የሚጠቅመው ዳገት ላይ ነው። ከሪያዱ ሹመይሲ ወጥተህ ዋዲ ሐኒፋን ተከትለህ ስትነዳ የምን እንጦጦ አለብህ? ሜዳ ላይ የሚታገልህ ነፋስ ነው፤ ነፋሱን በብዛት የሚቀበለው ደግሞ ከሳይክሉ ይልቅ ገላህ ነው። ጎንበስ ማለት በነፃ ነው።

እሱ፦ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ በብረት ሳይክል ነበር እንዴ?

እሷ፦ ለእሱ እንጀራው ነው። በሰከንድ ለሚለይ ሰው ካርቦን ያዋጣል፤ አልከራከርህም። አንተ ግን ከፈረቃ መልስ ነው የምትነዳው።

እሱ፦ ታዲያ ምን ልቀይር?

እሷ፦ መጀመሪያ ጎማውን፤ ጥሩ ጎማ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሃል። ቀጥሎ ሰንሰለቱን በጨርቅ ያዝና ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው። የሪያድ አቧራ ከዘይት ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኖ ይወጣል፤ ጥርሱን የሚበላው እሱ ነው።

እሱ፦ ያገለገለ ካርቦን ባገኝስ?

እሷ፦ የወደቀ እንዳይሆን! ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ይደበቃል። ባለሙያ ሳያየው ብር እንዳታወጣ።

እሱ፦ እሺ፣ ለጎማው ታበድሪኛለሽ?

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ወደ ሙዚቃ እንለፍ።