መቅመቆ በፈተና ላይ



በሞላሌ ዙሪያ በተንጣለለው ብርዳም የመንዝ ደጋ ገብስ ሲታጨድ ማጭድ ጣት ይቆርጣል፤ ድንጋይ ሲፈነቀል ቅልጥም ይላጣል። ጤና ጣቢያ ለራቀው ገበሬ የመጀመሪያው መድኃኒት በደጁ የበቀለው ቅጠልና ሥር ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች ለቁስል ከሚታዘዙት ዕፀዋት አንዱ መቅመቆ ነው፤ ባለሙያ ሴት ቅቤ ስታነጥር መልኩ እንዲያምር የምትጨምረው ያው መቅመቆ።

መድኃኒቱን የሚያዝዘው አዋቂ ማስረጃው የዳነው ሰው ነው። ነገር ግን ቁስል ሳይታከምም ሊሽር ይችላል። በራሱ ጊዜ የገጠመው ቁስል ሁሉ ለመድኃኒቱ ምስጋና ሲያስገኝ፣ ያመረቀዘው ደግሞ በዕድል ወይም በዓይነ ጥላ ይሳበባል። ፈተና የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ፈተናውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። በተለምዶ ሥር የሚባለው የመሬት ውስጥ ግንዱ ከመቶ 80 እጁ ሜታኖል በሆነ ፈሳሽ ተዘፈዘፈ፤ የወጣው ጭማቂ 5 እና 10 በመቶ እየተመጠነ ከቅባት ጋር ተለወሰ። ከዚያም ከአይጦች ጀርባ ላይ ቆዳ ተገሽልጦ ቁስሉ በየጊዜው ተለካ፤ በሌሎቹም ላይ ስንጥቅ ተበጅቶ፣ ከተገጠመ በኋላ ምን ያህል ስበት እንደሚችል ተመዘነ። ከፊሎቹ አይጦች ናይትሮፉራዞን የተባለው የፋብሪካ መድኃኒት፣ ከፊሎቹም ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ቅባት ተቀቡ። የነገሩ ቁልፍ ይህ ባዶ ቅባት ነው፤ በራሱ የሚሽረውን ቁስል ከመድኃኒቱ ሥራ የሚለየው እርሱ ነውና። መቅመቆ የተቀቡት ባዶውን ከተቀቡት ፈጥነው ቆዳ አለበሱ፤ ጠባሳቸውም ጠንካራ ሆነ።

ይሁን እንጂ ማጭድ ያልጨበጠች አይጥ ስለ ገበሬው ሁሉንም ልትመሰክር አትችልም። የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ባለው ስስ ጡንቻ እየተሳበ የቁስሉን አፍ ቶሎ ይገጥማል፤ የሰው ቁስል ግን ይበልጡን የሚሞላው ከሥር በሚያቆጠቁጥ አዲስ ሥጋ ነው። ከዚህም የሚከብደው፣ የተፈተነው ነገር በመንደር ከሚታሰረው ጋር አንድ አለመሆኑ ነው። በቤተ ሙከራ ሜታኖልና ንጹሕ ቅባት አለ፤ በመንደር ግን ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው ሥር በወፍጮ ድንጋይ ይደቆሳል። ከአፈሩ ጋር የመንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም የቴታነስ ዘር ወደ ቁስሉ ሊገባ ይችላል። የአይጦቹ መዳን ስለዚህ አፈር የሚናገረው ነገር የለም።

ቀጣዩ ፈተና ይህንኑ የመንደሩን አዘገጃጀት ይዞ መነሣት አለበት፤ አዋቂውም ሙያውን ሲያካፍል ስሙና ድርሻው በጽሑፍ ሊያዝለት ይገባል። እስከዚያው ድረስ ግን ማጭድ የቆረጠው የሞላሌ ገበሬ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ፣ መንገዱ ቢርቅም፣ ለቴታነስ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርበታል።