ሁለት ሥራ የያዘችው ሣጥን

(በ1997 ዓ.ም ተመራቂ ሐኪሞች የ20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከኮሚቴው ተደውሎ «የክፍሉ ፎቶ እኮ በሙሉ አንቺ ጋ ነው፤ ለመጽሔቱ ላኪልን» ስባል ዝም አልኩ። ደዋዩ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ሁለት ጊዜ «ሃሎ» አለ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ዝምታ ላስረዳችሁ ነው። የቆዳ ሐኪም ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ታስታውሳላችሁ፣ ለ10ኛ ዓመታችን ብዬ ከየቤታችሁ ፎቶ ለቅሜ ነበር። ለቲም ትሬኒንግ ቆላ ድባ በወረድን ጊዜ የተነሣናቸው፣ በጥምቀት ከፋሲል መዋኛ አጠገብ የተቃቀፍንባቸው፣ ኢንተርን ሆነን ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለን። አብዛኛው በፊልም የተነሣ ነው። ስካን አድርጌ ዋናውን ለየባለቤቱ መለስኩ። 412 ፎቶ። «ምን ይነካዋል፣ ባክአፕ አለኝ» እያልኩም እመጻደቅ ነበር።

ባክአፕ ያልኩት በ2004 ዓ.ም ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ነጭ ሣጥን ነው። ራውተር ነው፤ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለቤቱ ያከፋፍላል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስክ አለው፤ ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ገመድ፣ እኔ ሳልጠየቅ ይገለብጣል። ሐሳቡን በሰፊው ያስተዋወቀው አፕል ነው፤ ታይም ካፕሱል የሚባለውን ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 አሳየ፤ 500 ጊጋባይቱ 299 ዶላር፣ 1 ቴራባይቱ 499 ዶላር። የሚገለብጠው ፕሮግራም ደግሞ ታይም ማሽን ነው፤ በየሰዓቱ ይቀዳል፤ ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ዲስኩ እስኪሞላ ያቆያል። የእኔዋ የሌላ ኩባንያ ሥራ ናት፤ ጠባይዋ ግን ያው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ወድጃት ነበር። እኛ ሐኪሞች ለራሳችን ሲሆን ሰነፎች ነን። ታካሚያችን መድኃኒቱን ካቋረጠ እንቆጣለን፤ የራሳችንን ሥራ ግን ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ «ነገ» እንላለን። ሣጥኗ ነገ አትልም። ደግሞም ለእኛ አገር የሚመች ነገር ነበራት። ቅጂው የሚሄደው ከሳሎን ወደ ሳሎን ነው፤ ከግቢ አይወጣም። ኢንተርኔቱ ሦስት ቀን ቢጠፋ እንኳ ዋይፋዩ በቤት ውስጥ እስከሠራ ድረስ መገልበጧን ትቀጥላለች። ያን ጊዜ በነበረን ፍጥነት 412 ፎቶ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ልላክ ብል ኖሮ እስካሁን ሳልጨርስ ታገኙኝ ነበር።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም አንድ ሌሊት ዝናብና መብረቅ ነበር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ ሲመጣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ጠፋ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ላፕቶፑና ሣጥኗ አንድ ማከፋፈያ ላይ ነበር የተሰኩት። ሁለቱም አብረው ሄዱ። ነገሩ የገባኝ በማግሥቱ ነው፤ ራውተሩ ስለተቃጠለ ኢንተርኔት የለም፣ ላፕቶፑም የለም፣ ቅጂውም የለም። ሁለት አገልግሎት በአንድ ሣጥን መግባቱን እንደ ቁጠባ ነበር ያየሁት፤ ሁለቱም በአንድ ፊውዝ እንደሚሞቱ አላሰብኩም። መብረቅም የግድ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ታይም ካፕሱሎች አንዳንዶቹ መብራት መቀበል እያቃታቸው ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 እጠግናለሁ ለማለት ተገዷል።

አሁን የማፍርበት ክፍል መጣ።

ሣጥኗን ይዤ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድኩ። ጎበዝ ልጅ ነው። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ከአራት ቀን በኋላ ጠራኝ። «ዶክተር፣ ግማሹ አይነበብም፤ የተረፈውን ይዩት» ብሎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረ። የእናንተ ፎቶዎች የሉም። የተረፈው የሥራ ፎልደሬ ነው። ስክሪኑን የሞላው ደግሞ የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ነበር፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጉንጯ በቁንጭር የቆሰለ። የሱቁ ሌሎች ደንበኞች በስተጀርባዬ ቆመዋል።

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳነች?» አለኝ።

ድናለች። ጠባሳው ቀርቷል እንጂ ድናለች። ግን ያ አልነበረም የከበደኝ። ፎቶውን ሳነሣ እናቷን «ከእኔና ከተማሪዎቼ በቀር ማንም አያየውም» ብያት ነበር። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እሺ አለችኝ። ቃሌን ያፈረስኩት ለማንም ሰጥቼ አይደለም፤ የሥራ ፎልደሩ ላፕቶፔ ላይ ስለነበር ሣጥኗ በየሰዓቱ ስትገለብጠው፣ ዲስኩም ያለ ምንም ቁልፍ ሲቀመጥ፣ አንድም ቀን ስላላሰብኩበት ነው። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል እኮ ለእንግዳው ሁሉ እሰጥ ነበር፤ ለጎረቤት ልጆች ጭምር። የካርድ ክፍሉ በር ክፍት ከተገኘ የምጮኸው እኔ፣ የራሴን ካርድ ክፍል ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከፍቼ ተቀምጫለሁ።

ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ስልክ ውስጥ የታካሚ ፎቶ አለ። የለም የሚል እጁን ያውጣ። ኤክስሬይ፣ ቁስል፣ ለማማከር ለጓደኛ የተላከ ሽፍታ። ማታ ቤት ስትገቡ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኝና ወደ አንድ ቦታ ይገለብጠዋል። የት? በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ፦ ተማሪ ፎቶ እንዴት እንደሚያነሣ ስታስተምሩ፣ ማታ ፎቶው የት እንደሚያድርም አስተምሩልኝ።

እኔ አሁን ምን አደርጋለሁ? ሁለት ሥራ የያዘ ዕቃ አልጠላሁም፤ አሁንም ራውተሬ ጀርባ ላይ ዲስክ ተሰክቷል፣ በዩፒኤስ በኩል። ዲስኩ ግን ያለ ይለፍ ቃል አይከፈትም፤ እንግዳ የሚገባበት ዋይፋይም ለብቻው ነው። ሌላ ዲስክ እኅቴ ቤት አለ፤ በወር አንዴ ቡና ልጠጣ ስሄድ እቀያይረዋለሁ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የእኅቴ ቤት ከቤት ውጭ ነው። የታካሚ ፎቶ ደግሞ ከግል ዕቃዬ ወጥቶ በተቆለፈ የሆስፒታል ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስልኬ ላይም ራሱን በራሱ መገልበጡን ዘግቼዋለሁ።

ፎቶዎቻችሁን በተመለከተ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን ዋናውን መልሼላችሁ ነበር፤ አልበም ውስጥ፣ እናታችሁ ቤት ብፌ ላይ፣ አንድ ቦታ አለ። እስካሁን 61 ተመልሰው ገብተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ የቆላ ድባው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመኪናው ጎማ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበት፣ ሁላችንም የምንገፋው፣ ፊታችን የማይታይበት።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ስካነርና ሁለት ዲስክ አስቀምጫለሁ። ከምሳ በኋላ እዚያ ታገኙኛላችሁ። አንዱን ዲስክ ማታ እኔ እወስደዋለሁ፤ ሌላውን የሚወስድ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖር አንድ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ።