ከሲሚንቶው አስቀድሞ ሰው
በብርዳማና በእርጥብ ወራት ለመስክ ሥራ ልብስን ደራርቦ ስለ መልበስ በጉብሬ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማቀርበው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የማይመጥን መስሎ ሊታይ ይችላል። የምናገረው ስለ ድልድይ ምሰሶ ወይም ስለ አስፋልት ውፍረት ሳይሆን ስለ ካናቴራ፣ ስለ ሹራብና ስለ ዝናብ ልብስ ነውና። ይሁን እንጂ በክረምት ወራት በደጋ አገር መንገድ የቀየሰ፣ ቦይ ያስቆፈረ ወይም ኮንክሪት ያስሞላ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሥራ የሚበላሸው በስሌት ጉድለት ብቻ አይደለም። ጣቱ የደነዘዘ ቀያሽ የመሣሪያውን ብሎን በልኩ ማዞር ያቅተዋል፤ ብርድ የገባው ጸሐፊ 6ን 0 አድርጎ ይመዘግባል፤ የሚንቀጠቀጥ ሠራተኛ የመለኪያውን ዘንግ ቀጥ አድርጎ ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ ልብስ ከሥራችን ውጭ ያለ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

የተሰበሰብንባት ጉብሬም ለዚህ ነገር ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከምሥራቅ በኩል የሚታዩት የጉራጌ ተራሮች ግን ጫፋቸው እስከ 3,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል እንደሚቀንስ በትምህርት ቤት ተምረናል። ስለዚህ ጠዋት ከጉብሬ በ18 ዲግሪ የተነሣ የቅየሳ ቡድን፣ ከተራራው ወገብ ሲደርስ 12፣ ከጫፉ ሲደርስ ደግሞ 7 ዲግሪ ገደማ ያገኘዋል። በዚህ ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ ጉሙና ከሸንተረሩ የሚወርደው ነፋስ አለ። ውርጭ አይደለም፤ በረዶም አልተጋገረም። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ብርዱ መጠነኛ ሆኖ እርጥበቱ የበረታበት አየር፣ ደረቅ ከሆነው ብርቱ ውርጭ ይልቅ ተንኰለኛ ነው።

ተንኰሉ የሚመጣው ከውሃ ጠባይ ነው። ሰውን የሚያሞቀው ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በጨርቁ ክሮች መካከል ተይዞ ጸጥ ያለው አየር ነው። ያ ባዶ ቦታ በውሃ ሲሞላ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ውሃ ሙቀትን ጸጥ ካለ አየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ያስተላልፋልና። ከዚህም ሌላ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ከቆዳ አጠገብ ለመትነን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል። አንድ ሠራተኛ አቀበት ሲወጣ ያላበው ላብ በካናቴራውና በሸሚዙ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሆኖ ቢቀር፣ ያን በገላው ላይ ለማድረቅ 1,200 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ያህል ነው። ብናካፍለው 12,000 ሴኮንድ ይሆናል። ይህም ማለት ሰውየው የ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሙቀቱን በሙሉ ሸሚዝ ለማድረቅ ሊያውለው ነው። ለራሱ ምን ይቀርለታል?

የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች አደገኛ የሰውነት ቅዝቃዜ ይሉታል። በመጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ቀጥሎ እጅ ይተሳሰራል፤ ከዚያ አንደበት ይጎተታል፤ አሳብም ይደበዝዛል። ክፉው ነገር፣ ውሳኔ የሚያስፈልገው ሰው የመወሰን ኃይሉን ቀድሞ ማጣቱ ነው። ይህ በበረዶ አገር ብቻ የሚደርስ ጉዳት አይደለም፤ ልብሱ የረጠበና ነፋስ ያገኘው ሰው ከዜሮ ብዙ ዲግሪ ከፍ ባለ አየርም ሊደርስበት ይችላል።

ለዚህ በቅርቡ የታየ መራራ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2021 በቻይና ጋንሱ ክፍለ ሀገር የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ሲካሄድ፣ ሯጮቹ ቀላል የስፖርት ልብስ ለብሰው ነበር የተነሡት። ከተራራው ላይ ሳሉ ብርዳማ ዝናብ፣ በረዶና ብርቱ ነፋስ በአንድነት ወረዱባቸው፤ 21 ሰዎችም ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በአገሪቱ ስመ ጥር የሆኑ ሯጮች ነበሩ። ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ሯጮች በግዴታ ሊይዙት ከሚገባው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ጉልበት፣ ልምድና ወጣትነት ደረቅ ልብስን እንደማይተኩ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ታዲያ ምን ይለበስ? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ካገኙት ሰዎች መካከል፣ በሰሜን አሜሪካ በመጸው ወራት በቀስት የሚያድኑ ሰዎች ይገኛሉ። የቀስት አዳኝ እንደ ጠመንጃ ባለቤት ከሩቅ አይተኩስም፤ አውሬው ከጥቂት ዐሥር ሜትሮች ርቀት እስኪገባለት ድረስ ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ ተሸክሞ አቀበት ይወጣል፤ ያልበዋል። ቀጥሎ በእርጥብ ጫካ ውስጥ ለሰዓታት እንደ ድንጋይ ይቀመጣል፤ ይበርደዋል። በመጨረሻም በአንዲት ቅጽበት ጣቱ መታዘዝ አለበት። እኛ ቀስት ይዘን አንወጣም። ነገር ግን ቴዎዶላይቱንና ሦስት እግሩን ተሸክሞ ሸንተረር የሚወጣው፣ ከዚያም ጉም እስኪገለጥ በመሣሪያው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀው፣ በተገለጠም ጊዜ ፈጥኖና አስተካክሎ ማንበብ ያለበት ቀያሽ ከዚያ አዳኝ በምን ይለያል?

የአዳኙ ዘዴ አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ ያለው ሦስት ልብስ መደረብ ነው። ይህን ለመረዳት ለእናንተ ለመንገድ ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻም። መንገድን የሚገድለው ጭነት ብቻ ሳይሆን ውሃ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ከላይ ውሃ የሚመልስ ንጣፍ፣ ከመካከል ሸክሙን የሚችል ድርብ፣ ከሥር ደግሞ የገባውን ውሃ የሚያስወጣ ማፋሰሻ እናደርጋለን። ሰውንም እንደዚሁ ማልበስ ነው።

ከገላ የሚገናኘው ልብስ ማፋሰሻው ነው። ሥራው ማሞቅ ሳይሆን ላብን ከቆዳ ማራቅ ነው። ጥጥ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም ቶሎ አይለቅም። ፖሊስተር ግን ክሩ ራሱ ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል እንኳ ውሃ አይመጥም፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ይህን ለማግኘት ውድ ዕቃ መፈለግ አያስፈልግም። የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚለብሱትና በየገበያው የሚሸጠው ስስ የስፖርት ማልያ ይበቃል።

መካከለኛው ልብስ ሙቀት ያዡ ነው። እዚህ የበግ ጠጉር ተወዳዳሪ የለውም። ሱፍ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ ለባሹ እርጥበቱ እምብዛም አይሰማውም፤ ክሩ ጥቅልል ስለሆነም በረጠበ ጊዜ ፈጽሞ አይሟሽሽም። የሱፍ ሹራብ ያላገኘ፣ ፍሊስ የሚባለውን ባለ ጠጉር ፖሊስተር ሹራብ ከልባሽ ጨርቅ ተራ መርጦ መግዛት ይችላል። ከአንድ ወፍራም ይልቅ ሁለት ስስ ሹራቦች ይሻላሉ፤ አንዱን ማውለቅ ይቻላልና።

የላይኛው ልብስ ጣሪያው ነው፤ ዝናብንና ነፋስን ይመልሳል። ችግሩ ዝናብ የማያስገባ ላስቲክ የላብን እንፋሎትም አለማስወጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው ሮበርት ጎር ቴፍሎንን በፍጥነት ስቦ፣ የውሃ ጠብታ የማያሳልፉ እንፋሎት ግን የሚያሳልፉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ለመሥራት ቻለ፤ ውድ የሆኑ ብዙ የዝናብ ጃኬቶችም በዚህ ዘዴ ተሠርተዋል። ሆኖም የደጋው እረኛ ይህንኑ ችግር ከጎር አስቀድሞ በራሱ መንገድ ፈትቶታል። ገሳን ተመልከቱ። ሣሩ እንደ ጎጆ ክዳን ተደራርቦ ስለሚወርድ ዝናቡ ተንሸራትቶ ይፈስሳል፤ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ይወጣል። ከገሳው ሥር ደበሎ ወይም የመንዝ ባና ሲደረብ፣ ሙሉ የሆነ የድርብ ልብስ ሥርዓት ነው። እኛም ርካሽ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ስንገዛ ከገሳው እንማር፤ ሰፋ ያለ፣ ከብብቱና ከሥሩ አየር የሚያስወጣ፣ ወገብ ላይ የማይታሰር ይሁን።

ስለ ጋቢም አንድ ቃል ልናገር፤ ዝም ብለው ታላላቆቼ ይቀየሙኛል። ጋቢ በአራት እጥፉ መካከል ብዙ አየር ስለሚይዝ በደረቅ ጊዜ እጅግ ያሞቃል። ነገር ግን ጥጥ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ከብዶ ገላ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ጋቢ የማታ ነው። ቀን በላስቲክ ተጠቅልሎ በድንኳን ይቆይ፤ ማታ ደረቅ ሆኖ ይጠብቀን።

ልብሱ ያለ አለባበሱ ግን አይጠቅምም። አዳኞቹ የሚጠብቁት ሕግ አጭር ነው፤ ጉዞህን ትንሽ እየበረደህ ጀምር። ከቤት ሲወጣ የሞቀው ሰው ከአቀበቱ እኩሌታ ሳይደርስ በላብ ይታጠባል። ስለዚህ በጉዞ ጊዜ ሹራቡ በላስቲክ ተጠቅልሎ በጀርባ ይኑር። ላብ ሳይጀምር ይወለቅ፤ ብርድ ሳይጀምር ይለበስ። ከመቆሚያው እንደ ደረሱ የረጠበውን ካናቴራ በደረቁ መለወጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በስሌታችን መሠረት ግን የሦስት ሰዓት ሙቀት ያተርፋል። ቦቲ ጫማ ውስጥ የሚለወጥ ደረቅ ካልሲና ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብም መረሳት የለባቸውም።

አንዳንዶች፣ «የአገራችን ሠራተኛ ብርድ ለምዷል» ይላሉ። በበኩሌ ይህን አልቀበለውም። ልማድ ትዕግሥትን ይጨምር ይሆናል፤ ውሃ ሙቀት የሚያስተላልፍበትን መጠን ግን አይለውጥም። ለመደ የምንለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለብሰው የሌለው ሰው ነው። በቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ የሚቆፍረውን ቀን ሠራተኛና በዝናብ ድንጋይ የሚያቀብሉትን ሴቶች፣ ለምደው እንደ ሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም።

ሌሎች ደግሞ ወጪውን ያነሣሉ። እስቲ የሥራ ቦታችንን እንመልከት። ለቴዎዶላይቱ ጃንጥላ እንይዛለን። ሲሚንቶው እንዳይረጥብ መጋዘን እንሠራለን፤ ከመሬት ከፍ አድርገን በእንጨት ላይ እንደረድራለን፤ ከግድግዳው እናርቃለን፤ ይህንንም በጨረታው ሰነድ በቁጥር ጽፈን ተቋራጩን እንጠይቃለን። ሲሚንቶውን የሚያቦካው ሰው ግን በዚያው ዝናብ ውስጥ ቆሟል። የረጠበ ሲሚንቶ እንደሚበላሽ ስለምናውቅ ተጠነቀቅን፤ የረጠበ ሰው እንደሚጎዳ ግን የምናውቅ አንመስልም።

ሕጉ በበኩሉ ተናግሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያዝዛል። የሚጎድለው ትእዛዙን ወደ ዝርዝር የሚያወርደው ሰው ነው፤ እርሱም ሰነድ የሚያዘጋጀውና ሥራ የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ ማለትም እኛ ነን። በሰነድ ያልተጻፈ ነገር ዋጋ አይወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለት ነገርም ከቦታው አይደርስም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በክረምት ለሚቀጥል የደጋ ሥራ ሰነድ ስናዘጋጅ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ቶሎ የሚደርቅ ካናቴራ ከነቅያሪው፣ አንድ የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ፣ አንድ ሰፊ የዝናብ ልብስና ቦቲ ጫማ፣ እንዲሁም በካምፑ ውስጥ ምድጃና ጭስ መውጫ ያለው አንድ የልብስ ማድረቂያ ክፍል ክፍያ የሚፈጸምበት ራሱን የቻለ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይግቡ። ተቆጣጣሪውም ሲሚንቶው መጋዘን መግባቱን ሲመለከት፣ የዝናብ ልብሱ ሰው ትከሻ ላይ መድረሱንም ይመልከት።

የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ ማሠራት ሲጀምሩ፣ መንገዱ የሚያስፈልገው ለሰው መሆኑን ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። በዚሁ ምድር ዛሬ መንገድ የምንሠራ እኛም፣ መጪው ክረምት ሳይገባ በእጃችን ያለውን ሰነድ ከፍተን ለሠራተኛው የተጻፈ ነገር መኖሩን እንድናይ እለምናለሁ።